የመጨረሻዎቹ አራት ዲግሪዎች

ሲያዩት የውራጅ ክምር ነው። ከቢሮ የተጣለ የፋይል ካቢኔት በጀርባው ተጋድሞ፣ መሳቢያዎቹ ወጥተውለት፣ በብሎኬቶች ላይ ተቀምጧል። ውስጡ አሜሪካኖች ለምስጋና ቀን ቱርክ የሚጠብሱባቸው ሁለት የጋዝ ምድጃዎች ይነድዳሉ። ከላይ በካፍቴሪያ ወጥ የሚሞቅባቸው ዓይነት የአይዝጌ ብረት ትሪዎች ተደርድረው ይንተከተካሉ፤ እንፋሎቱ የጓሮውን አጥር አልፎ ከመንገድ ይታያል። አገሩ ሚኒሶታ ነው፤ ወሩ መጋቢት፤ በረዶው ገና ከጥላ ስር አልለቀቀም። የመሣሪያው ባለቤት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣ በያጅ፣ ከሜፕል ዛፍ የቀዳውን ፈሳሽ አፍልቶ ሽሮፕ ያወጣል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ማየት እወዳለሁ፤ በዚያ ሁሉ ውራጅ መሃል ያለምክንያት የገባ አንድም ብሎን አላገኘሁምና።

ሥራው የሚጀምረው ከዛፉ ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲሞቅ በግንዱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ቀዳዳ ካገኘም ፈሳሹ ይንጠባጠባል። ሌሊትና ቀኑ እንዲህ መፈራረቃቸውን ካቆሙ ፈሳሹም ይቆማል። ቀዳዳው ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል፤ ፈሳሹ ውስጡ እንዳይቋጥርም ወደ ውጭ በትንሹ ያዘቀዝቃል። ጎረቤቴ ግንዱን ሳይለካ መሰርሰሪያ አያነሳም፤ ዲያሜትሩ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዛፍ አይነካም። የአምናውን ጠባሳ በጣቱ ዳስሶ ፈልጎ፣ ከእሱ ራቅ ብሎ ይበሳል፤ አንዴ የተበሳው እንጨት ዙሪያው ዳግመኛ ፈሳሽ አያሳልፍም። ባልዲው ውስጥ የሚጠራቀመው ነገር ከውሃ አይለይም። ቢቀምሱትም ጣፋጭነቱ ይኑር አይኑር ያጠራጥራል።

ከመቶው ዘጠና ስምንቱ እጅ ውሃ ስለሆነ ነው። የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲው ሲ. ኤች. ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጡት ደንብ፣ 86ን ለፈሳሹ የስኳር መጠን ማካፈል ለአንድ ሊትር ሽሮፕ ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ይነግራል። ሁለት በመቶ ስኳር ካለው 43 ሊትር መሆኑ ነው። አንዱ ቀርቶ አርባ ሁለቱ ሊትር በእንፋሎት መሄድ አለበት። ከባዱ ደግሞ ማፍላቱ አይደለም፤ የፈላውን ውሃ ወደ እንፋሎት መለወጥ፣ ከበረዶነት አፋፍ አንስቶ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ሙቀት አምስት እጥፍ በላይ ይፈጃል። ዘጠኝ ኪሎ ፕሮፔን የሚይዘው የተለመደው ሲሊንደር፣ ሙቀቱ ግማሽ በግማሽ ለፈሳሹ ቢደርስ፣ ሁለት ሊትር ያህል ሽሮፕ ያወጣል። ነፋስ ላይ በቆመ ተራ ድስት ግን ያንንም አያወጣም። ያ ካቢኔት የተሠራው ይህ ሒሳብ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ክብ ነበልባል ከሰፊ ትሪ ስር ብቻውን ከተተወ ሙቀቱ በጎን አምልጦ ሰማዩን ያሞቃል። ስለዚህ ጎረቤቴ የካቢኔቱን ጎኖች ዘግቶ፣ በአንደኛው ጫፍ አጭር የጭስ መውጫ ቧንቧ በየደበት። ትኩሱ አየር ከመውጣቱ በፊት የትሪዎቹን ግርጌ ከዳር እስከ ዳር እየላሰ መሄድ ግድ ሆነበት። ክዳኑ ላይ የቆረጣቸው አራት ማዕዘን ክፍተቶች ለትሪዎቹ ልክክ ብለው የተሰፉ ናቸው፤ ትሪዎቹ በከንፈራቸው ተንጠልጥለው ስለሚገቡ እሳቱ ግርጌያቸውን ብቻ ሳይሆን ጎናቸውንም ያገኛል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በግራይንደር አለስልሶታል፤ እጅ አይቧጥጥም። የካቢኔቱን ቀለም ደግሞ ፈሳሽ ከመቅረቡ በፊት ባዶውን አንድዶ አቃጥሎ አራግፎታል፤ የቀለም ሽታ ምግብ ላይ እንዳያርፍ።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ከታች ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ናቸው። ነፋስ ለመከላከል ብሎ ምድጃውን አፍኖ የዘጋ ሰው እሳቱን አየር ያሳጣዋል፤ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥላሸት ያወጣል፣ መርዘኛው ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። ጎረቤቴ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተት የላሜራ መዝጊያ ሠርቶ፣ ጎንበስ እያለ ነበልባሉን ያያል፤ ጫፉ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ጣት በማይሞላ ልክ ያንሸራትተዋል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ይነሳና እንደገና ያስተካክላል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አያየውም።

ከጭስ መውጫው አጠገብ ከፍ ብላ የተቀመጠች ድስትም አለች። ቀዝቃዛው ፈሳሽ መጀመሪያ እዚያ ይሞቅና በጠባብ ቧንቧ ቀጥኖ ወደ ትሪው ይወርዳል። ቀዝቃዛ ባልዲ በአንዴ ቢገለበጥ ፍላቱ ቀጥ ይል ነበር፤ እዚህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንዴም አይቆምም። ሌሊት ባልዲው ላይ የጋገረውን በረዶም ጠዋት አንስቶ ይጥለዋል፤ አብዛኛው ንጹሕ ውሃ ነው፣ የጣለውን ያህል ጋዝ ይተርፈዋል። ጥበቡ አዲስ አይደለም፤ በዚህ ምድር ከሁሉ ቀድመው ሜፕል የቀዱት ነባር ሕዝቦች፣ ከነሱም የኦጂብዌ ሕዝብ፣ ፈሳሹን በበርች ቅርፊት ዕቃ እያጠራቀሙ እስከ ደረቅ ስኳር ድረስ ያደርሱት ነበር፤ ደረቁ ለዓመት ይቀመጣልና። ዛሬም በመጋቢት ወደ ሜፕል ጫካ የሚወጡ የኦጂብዌ ቤተሰቦች አሉ። ጎረቤቴ የሚከተለው የነሱን ጥበብ መሆኑን ይናገራል፤ ይህም ያስከብረዋል።

ሲሊንደሩ ከካቢኔቱ በቱቦው ርዝመት ርቆ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ቆሟል። ለረጅም ሰዓት ብዙ ጋዝ ሲወጣበት ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ አመዳይ ያለብሳል፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱም ይደክማል። መድኃኒቱ ሁለት ሲሊንደር ማፈራረቅ ነው። ሊያሞቀው ብሎ እሳት የሚያስጠጋ ሰው ግን በሕይወቱ ይጫወታል። ይህን ሥራ ጋራዥ ወይም ቤት ውስጥ የሚያስገባም እንዲሁ።

ጠዋትና ቀትር የሚያልፉት በዚህ ጥበቃ ነው፤ ቴርሞሜትሩ እምብዛም አይነቃነቅም። የእጁ ሙያ የሚታየው ወደ ማታ ነው። ውሃ በዚያ ቀን ከሚፈላበት ሙቀት አራት ዲግሪ ሴልሽየስ ያህል ከፍ ብሎ የሚፈላው ፈሳሽ ሽሮፕ ሆኗል። «በዚያ ቀን» ማለቴ የአየር ግፊት በተለዋወጠ ቁጥር የውሃ መፍያም ስለሚለዋወጥ ነው፤ ጎረቤቴ ጠዋት ተራ ውሃ አፍልቶ ቁጥሩን ካቢኔቱ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ከፍታ ላይ ለኖርን ሰዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሽሮፑም 96 ላይ ይደርስ ነበር።

ሁለት ዲግሪ ሲቀር ፈሳሹን ከትሪው አንስቶ ወደ ትንሽ ጎድጓዳ ድስት ያዛውረዋል። የቀረው ጥቂት ስለሆነ ሰፊ ትሪ ላይ በቅጽበት ሊያርር ይችላል። ከዚህ በኋላ አያወራም። ትልልቁ አረፋ ወደ ደቃቅ ወርቃማ አረፋ ይለወጣል፣ ወደ ድስቱ አፍ ይነሳል፤ አንዲት ጠብታ ቅባት ጣል ሲያደርግበት ወዲያው ይተኛል። ብዙዎች ቅቤ ይጠቀማሉ። ወቅቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ እኔ እንደምጾም ካወቀ ወዲህ የኑግ ባይሆንም የሱፍ ዘይት ያደርግልኛል። ድምፁም ይለወጣል። ቅቤ የምታነጥር እናት ውሃው ማለቁን ከጩኸቱ እንደምታውቀው፣ እሱም ጆሮውን ዘንበል አድርጎ የፍላቱን መወፈር ያዳምጣል። ጭልፋውን አጥልቆ ያነሳዋል፤ መጀመሪያ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ቆይቶ ሁለት ጠብታዎች ጠርዙ ላይ ተያይዘው ሳይወድቁ ይንጠለጠላሉ። ያኔ እሳቱ ይጠፋል።

በዓይኑ ግን አይተማመንም። ሽሮፑን ረጅም ኩባያ ላይ ቀድቶ ሃይድሮሜትር ይከትበታል፤ ስኳሩ 66 ወይም 67 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ይቦካል፣ ይሻግታል፤ ብዙ ካለፈ ጠርሙሱ ግርጌ ስኳሩ ይደነድናል። ከዚያ በወፍራም የሱፍ ማጥለያ ያሳልፈዋል፤ ፍላቱ ከዛፉ ማዕድን የሚያወጣው አሸዋ መሳይ ዝቃጭ እዚያ ይቀራል። ማጥለያውን አይጨምቅም፤ ከተጨመቀ ዝቃጩ አብሮ ያልፋል። በራሱ ጊዜ እስኪወርድ ይጠብቃል። በ83 ዲግሪ አካባቢ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቶ ከከደነው በኋላ ለጥቂት ጊዜ በጎኑ ያጋድመዋል፤ ትኩሱ ሽሮፕ ክዳኑንም እንዲያጸዳው ነው።

የወቅቱ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ወርቃማና ለስላሳ ነው፤ ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። ዛፉ ሊያቆጠቁጥ ሲል ፈሳሹ መጥፎ ጣዕም ስለሚያመጣ ሥራው ያበቃል። እኔ የምመርጠው የመጨረሻውን፣ ጥቁሩን ነው። ከመደብር የምንገዛው ርካሽ የፓንኬክ ሽሮፕ አብዛኛው ከበቆሎ የተሠራ ስኳር ነው፤ ከዚህ ጋር ለውድድር የሚቀርብ አይደለም።

ሜፕል በሚበቅልበት አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በመጋቢት ከጎረቤት ጓሮ እንፋሎት ሲነሳ ካያችሁ ሄዳችሁ ለማየት እንዲፈቅድላችሁ ጠይቁ። ከቻላችሁ ወደ ማታ፣ ፈሳሹ ወደ ትንሿ ድስት ሲዛወር ድረሱ። ጥያቄያችሁን ለኋላ አቆዩት፤ መጀመሪያ እጁን እዩ።