የቮልስ ሾክ በግቢ ሲቀየር

ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ድካሙን ደብቆ የሚኖር ሾክ አብዞርበር ነው። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፤ ባትሪ ሲደክም ጠዋት አላስነሳ ይላል፤ ጎማም መላጣነቱን በዓይን ያሳያል። ሾክ ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ስለሚደክም ነጂው ሳያውቀው አብሮት ይለማመዳል። ኩርባ ላይ ከድሮው ቀደም ብሎ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ኮብልስቶን ሲያይ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ሲጠየቅም «አሮጌ መኪና እንዲህ ነው» ይላል። በዚህ አልስማማም። ስድሳ ዓመት የሞላት ቮልስም ብትሆን አራት ጤነኛ ሾክ ካላት መንገድ ላይ ረግታ ትሄዳለች። የእኔዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1966 ሞዴል ናት፤ የምጽፈውም ስለ እሷና ስለ መሰሎቿ ነው።

ብዙ ሰው መኪናን የሚሸከመው ሾክ ይመስለዋል። የቮልስን ክብደት የሚሸከሙት ግን አግድም የተቀበሩ፣ ሲጠመዘዙ መልሰው የሚገፉ ብረቶች ናቸው። ፊት ለፊት በሁለት ቱቦዎች ውስጥ የተደራረቡ ስስ ብረቶች አሉ፤ ኋላ ደግሞ በየጎኑ አንድ አንድ ድፍን ዘንግ። ሾኩ ቢፈታ መኪናዋ አትወድቅም፤ ታምቆ ቆይቶ ድንገት የሚስፈነጠር ሞላም የለም። ሥራውን በግቢ ውስጥ፣ በጥቂት ቁልፎች ለመሥራት የሚያስደፍረው ይህ ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ የመጡት 1302 እና በኋላም 1303 የሚባሉት ግን የፊት ሾካቸው ከተጨመቀ ሞላ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። ያ ሞላ ሰው ሊገድል ይችላልና ተገቢው መጨመቂያ ለሌለው ሰው የቤት ሥራ አይደለም።

የሾክ ሥራ የብረቶቹን መወዛወዝ ማቆም ነው። በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያስገደደ ያሳልፋል፤ ውዝዋዜው ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ረጅም ኮብልስቶን ከነዳችሁ በኋላ ብትዳስሱት ሞቆ የምታገኙት ለዚህ ነው። ምቾትም በዚሁ ሥራ ይገኛል፤ ዋናው ዓላማ ግን ጎማው መሬት እንዳይለቅ መያዝ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም።

ይህ በእኔዋ ዓይነት ቮልስ ላይ የበለጠ ይከብዳል። የኋላ አክስሏ የሚታጠፈው በካምቢዮው በኩል ብቻ ነው። የመኪናዋ ኋላ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ሞተሩም እዚያው ስለሆነ ከክብደቷ ግማሽ የሚበልጠው ኋላ ነው። በፍጥነት ኩርባ የገባ ነጂ ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ኋላዋ ይነሳል፤ የውጭው ጎማ ከሥሯ ይታጠፋል፤ ኋላዋም ሊያመልጥ ይችላል። ጤነኛ ሾክ ይህን ጨርሶ አያስቀረውም። ነገር ግን አነሳሱን ያዘገየዋል፤ ነጂው መሪውን የሚያስተካክልበት ጊዜ ያገኛል። የደከመ ሾክ ይህቺን ጊዜ ይነፍገዋል። ከፊትና ከኋላ አንዱን ብቻ ለመቀየር የተገደደ ሰው በእንዲህ ዓይነቷ ቮልስ ላይ ከኋላው ይጀምር የምለው ከዚህ የተነሳ ነው።

መከላከያውን ተጭኖ መልቀቅ የታወቀ መፈተኛ ነው። አንዴ ወጥታ ተመልሳ ከቆመች ደህና ናት ይባላል። ይህ የሚይዘው ጨርሶ የሞተውን ሾክ ብቻ ነው፤ ግማሽ የደከመው ያልፋል። እኔ ይበልጥ የማምነው መዳፌን ነው። የጎማውን ፊት ዙሪያውን ስዳስሰው እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ የተበላ ከሆነ ጎማው መንገዱን እየረገጠ ሳይሆን እየዘለለ ኖሯል ማለት ነው። ከዚያ ሾኩን አያለሁ። ስስ የዘይት ወዝ አያስደነግጥም፤ አቧራ ያጨቀየ ዘይት ወደ ታች ከወረደ ግን አልቆለታል።

አዲስ ሾክ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የቻሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። የኋላ መቀመጫው ሲነሳ መሐል ለመሐል ባለው ቱቦ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ 5 ከሆነ 1965፣ 6 ከሆነ 1966። በእነዚህ በሁለቱ ዓመታት መካከል የፊት እግሩ አሠራር ስለተለወጠ የፊት ሾኩም ይለያል። ነጋዴዎቹም ቢሆኑ «ጋሼ፣ የፈሰሰው አንዱ ከሆነ ሌላውን ለምን ይገዛሉ?» ማለታቸው የተለመደ ነው። ለገንዘባችን አስበው ነው፤ ግን የአንድ አክስል ሾክ ጥንድ ጥንዱን ይቀየራል። አንዱ ጎን ጠንካራ ሌላው ልል ከሆነ መኪናዋ ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ሲገባ እኩል አትታዘዝም። ተከፍቶ ዘይት የተሞላና ቀለም የተቀባ ሾክ ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ። የተበላ ቫልቭና የተጫረ ዘንግ በቀለም አይድንም።

አዲሱን ከካርቶኑ አውጥታችሁ ወዲያው አትሰሩት። የዘይት ሾክ ተጋድሞ ሲቀመጥ አየር ወደ መሥሪያ ክፍሉ ይገባል። ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ጫፉ ደጋግማችሁ ሳቡትና ጨምቁት፤ አየሩ ወጥቶ እጃችሁ ላይ ያለማቋረጥ እኩል እስኪከብድ ድረስ። በዚያው የወለቀውን አሮጌ በሌላው እጃችሁ ሞክሩት። አዲሱ ሲሳብ ከሚጨመቀው ይልቅ ይከብዳል፤ እንዲህ ሆኖ የተሠራ ነው። አሮጌው መሐል ላይ ሲደርስ ቫልቩ እንደ ለቀቀ የብስክሌት ፓምፕ ባዶ ሆኖ ይሄዳል። የሾክን ድካም ለማንም ከማስረዳት ይልቅ ሁለቱን በእጁ ማስያዝ ይበልጣል። ጋራዥ የሰጠ ሰው ይህን አያገኘውም፤ በቤት መሥራትን የምወደውም በዋነኛነት ለዚህ ነው።

ለሥራው ሲሚንቶ የፈሰሰበት ደልዳላ ቦታ ምረጡ። በክሪክ ብቻ ቆማ ያለች መኪና ሥር አትግቡ፤ የብረት መደገፊያ አቁሙላት። ድንጋይ ጎማ ያግድ እንጂ መኪና አይሸከም፤ ሳይታሰብ ይሰነጠቃልና። ከአንድ ቀን በፊት ቡሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ንፉባቸው።

የኋላው ቀላል ነው። ላይና ታች በ19 ቁልፍ የሚፈታ አንድ አንድ ቡሎን አለው። አዲሱ ሲገባ ቀዳዳው አልገጥም ካለ በሌላ ክሪክ አክስሉን ከሥር በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው የፊቱ ታችኛው ጫፍ ነው። እዚያ ሾኩ የሚገባው ከእግሩ ክንድ ጋር በቋሚነት በተያያዘ ፒን ላይ ነው። ዳዶው ከተፈታ በኋላም የጎሚኒው የውስጥ ብረት ከፒኑ ጋር በዝገት ተጣብቆ ይቀራል። መዶሻ የሚያነሳው ሰው አደጋ ላይ ነው፤ የፒኑ ጥርስ ከተበላሸ የሚጎዳው ሾኩ ሳይሆን ክንዱ ራሱ ነው፤ ያንን ማዳን ደግሞ የቤት ሥራ አይደለም። እሳትም አያስፈልግም፤ የፍሬኑ የጎማ ቱቦ ቅርብ ነው። ጎሚኒውን በቢላ ቆርጣችሁ አውጡት፤ የቀረውን የብረት ቀለበት በመጋዝ በርዝመቱ ሰንጥቁት፤ ፒኑ ጋ ሳትደርሱ አቁሙና ካቻቢቴ አስገብታችሁ ክፈቱት። ይለቃል። ከዚያ ፒኑን አጽድታችሁ ስስ ግራሶ ቀቡት፤ ወደፊት የሚፈታው ሰው ያመሰግናችኋል። የላይኛውን ዳዶ ስትፈቱም ሆነ ስታጠብቁ ዘንጉ አብሮ ይዞራል፤ ለዚያ በተሠራለት ቦታ ያዙት እንጂ የሚያብረቀርቀውን ክፍል በፒንሳ አትንከሱ። አንዲት ጭረት ዘይቱን የሚያግደውን ሲል ትቆርጠውና አዲሱ ሾክ መፍሰስ ይጀምራል።

ጎሚኒ ያላቸውን ቡሎኖች መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች ጨርሳችሁ አታጥብቁ። በእጅ አስይዟቸው፤ ጎማዋን መልሱ፤ መሬት ላይ አውርዷት፤ በራሷ ክብደት ስትቀመጥ ያን ጊዜ አጥብቁ። ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። የኋላው ወደ 60 ኒውተን ሜትር፣ የፊቱ ታችኛው ከ30 እስከ 35 ይፈልጋል። ቶርክ ሬንች ከጎረቤት ለምኖም ቢሆን መያዝ ተገቢ ነው፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም ሁሉንም መልሳችሁ ፈትሹ።

ከሁሉ በፊት ለቮልሳችሁ የቀለም ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ቀጠሮውን አዛውሩና አራቱን ሾክ ቀይሩ። ቀለም ይደርሳል።