«ፕላዝማ»፦ የመሣሪያ ስም ወይስ የትምህርት?

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከጣሊያንኛው «ካዜ ኢንቺስ» ነው፤ ኢንቺስ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ያሠራ የነበረ ድርጅት ነው። ተናጋሪው ምንጩን ቢረሳም ስሙ ሰፈሩን ከመለየት አልታገደም።

«ፕላዝማ» ግን እንዲህ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳተላይት መሠራጨት የጀመረው፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት ስሙን የወሰደው ከቴሌቪዥኑ ዓይነት ነው። ተማሪው «ፕላዝማ አለን» ሲል መሣሪያውና ትምህርቱ አንድ ይሆናሉ፤ መሣሪያው የገባበት ክፍል ሁሉ ትምህርት የገባበት ይመስላል።

ነቀፌታችን በቃሉ ባዕድነት ላይ አይደለም። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ፍቺ ይመዝግብ፤ በሙያ ቃልነት ግን ሥርጭቱ «የቴሌቪዥን ትምህርት» ተብሎ ይለይ። ዛሬ በታብሌትና በመተግበሪያ ለሚሰጠው ትምህርት ስም የሚያወጡ ባለሙያዎችም መሣሪያውን ከሥራው እንዲለዩ እናሳስባለን።