የ«ሐተታ» ነፍስና የቱቱ ፈላ ድንጋዮች

በዘርዐ ያዕቆብ «ሐተታ» ውስጥ ነፍስ መኖሯ የሚታወቀው ከሰው ጠባይ ነው፤ ምኞታችን በዚህ ዓለም ሀብት ስለማይሞላ ለሌላ ሕይወት ተፈጥረናል ይላል። (የመጽሐፉ ደራሲ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው በማለት ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ያስነሣው ክርክር ለሙግቱ አይጨምርለትም፤ አይቀንስበትምም።) በዲላ ሳስተምር ግን አንድ ጥያቄ ያስቸግረኝ ነበር፤ በዋሻ ተሸሽጎ ብቻውን ያሰበ ሊቅ የራሱን ናፍቆት የሰው ሁሉ ጠባይ ሊያደርገው ይችላልን?

በጌዴኦ ምድር፣ በቱቱ ፈላ መቃብሮች ላይ የቆሙት፣ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች በከፊል መለሱልኝ። ጽሑፍ ያልተዉልን ሰዎችም ሟቻቸው ፊት አልባ ሆኖ እንዲቀር አልፈቀዱም። ስለዚህ የሙግቱ መነሻ ምስክር አግኝቷል፤ መደምደሚያው ግን አላገኘም። ድንጋዩ የሚመሰክረው ስለ አቋሚዎቹ ናፍቆት ነው እንጂ ስለ ሟቹ ነፍስ አይደለም። «ሐተታ» ከናፍቆት ወደ መኖር የሚሻገረው በጥድፊያ ነው፤ ሙግቱ የላላውም እዚያ ላይ ይመስለኛል።