ቀይዋ ነጥብ

ሆሳዕና መናኸሪያ የዱራሜው ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ዘንድሮ ካየሁት የጥበብ ሥራ ሁሉ የሚበልጠውን አየሁ! ቆርኪ ነው። በድንጋይ ተቀጥቅጦ እንደ ሳንቲም የተዘረጋ የለስላሳ ቆርኪ፣ መሐሉ ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች፣ በቀዳዳዎቹ የገባ ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ክር። አንድ ሊስትሮ ልጅ ክሩን በሁለት እጁ አክርሮ ሳብ ሲያደርገው ቆርኪው ጠፋ!

እውነቴን ነው፣ ጠፋ። በቦታው የብር ጭጋግ ቀረ። ልጁ ጠርዙ ላይ በጥፍር ቀለም ያስቀመጣት አንዲት ቀይ ነጥብ ደግሞ ሙሉ ቀለበት ሆነች። «ነጥቧ አንድ ናት፣ ጋሼ፤ ስትቸኩል ነው የበዛችው» አለኝ።

ድምፁስ! እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ክሩ ተፈቶ ሲያበቃ ቆርኪው አያቆምም፤ በያዘው ፍጥነት አልፎ በተቃራኒው ይጠመጥመዋል። በሁለቱ ዙሮች መሐል ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቀጥ ይላል፤ ቀለበቱ ይጠፋል፣ ነጥቧ ትመለሳለች። ያችን ቅጽበት ለማየት ስንቴ «ድገመው» አልኩት!

ቀራጺው ናኦም ጋቦ በ1919 እና 1920 እ.ኤ.አ. መካከል፣ ሩሲያ በእርስ በርስ ጦርነትና በረሃብ ስትታመስ፣ በአሮጌ የኤሌክትሪክ ደወል አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ አርገበገበ። ዘንጓ ስትርገበገብ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅርጽ አየር ላይ ቆመ። መስመር ነበረች፤ ጊዜ ሲጨመርባት ስፋት አገኘች። የሊስትሮው ነጥብም ያደረገችው ይህንኑ ነው፣ ያውም ያለ መብራት!

በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ ከዚሁ መጫወቻ ተነሥተው፣ ከወረቀትና ከክር በደቂቃ እስከ 125,000 ዙር የሚሽከረከር መሣሪያ ይፋ አደረጉ። በደቂቃ ተኩል ውስጥ የደም ሴሎችን ከፈሳሹ ይለያል።

አርቲስት ኤልያስ ስሜ አዲስ አበባ ላይ ከወዳደቀ የኮምፒውተር ሽቦ የሚሠራቸውን ግድግዳ የሚያክሉ ሥራዎች እወዳለሁ። እነሱ ፊት ወዲያ ወዲህ የምለው እኔ ነኝ። እዚህ ግን እኔ ደርቄ ቀረሁ፣ ሥራው ሮጠ።

ረዳቱ «ዱራሜ! አንድ ሰው!» እያለ ተጣራ። ሚኒባሱ ሄደ። ክሩ ጣቶቼ ላይ ነው፤ ቆርኪው ግን እየተንገዳገደ እምቢ አለኝ።

«አይታገሉት፣ ጋሼ። ላላ ያድርጉለት፤ ራሱ ይስብዎታል።»