ጎረቤቱን ይዞ ነርቩን መፈለግ

ከጆሮው ሥር እባጭ የወጣበት ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ካንሰር ነው ወይ?» ብሎ ነው። ፓሮቲድ በሚባለው የምራቅ ዕጢ ላይ በአዋቂዎች ከሚወጡት እባጮች ከ10 8ቱ ያህል ካንሰር አይደሉም፤ በመርፌ የሚወሰደው ናሙናም ብዙ ይነግረናል። እኔን ግን ሌላም ጥያቄ ይይዘኛል፤ እባጩ ከፊት ነርቭ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

ይህ ነርቭ ከጆሮ በስተኋላ ባለች ትንሽ የአጥንት ቀዳዳ ወጥቶ ዕጢው ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ለግንባር፣ ለዐይን፣ ለጉንጭ፣ ለታች ከንፈርና ለአንገት ይከፋፈላል። የዐይኑ ቅርንጫፍ ከተጎዳ ዐይን አልከደን ይላል፤ የከንፈሩ ከተጎዳ ፈገግታ ይጣመማል።

በተለመደው ኤምአርአይ ዕጢው ውስጥ የገቡት ቅርንጫፎች ተለይተው አይታዩም። ስለዚህ ጎረቤቱን እፈልጋለሁ። ከመንጋጋ አጥንት ጀርባ የሚወርድ ደም መልስ አለ፤ በአግድም ቁርጥ ምስል ላይ ክብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነርቩ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ወደ ቆዳው ባለው በኩል ያልፋል። እባጩ ከነጥቡ ወደ ውጭ ከሆነ ነርቩን ከሥሩ እጠብቀዋለሁ። ወደ ውስጥ ከሆነ ግን ነርቩ እባጩ ላይ ተወጥሮ ገና ስገባ ሊያጋጥመኝ ይችላልና እጄ ይዘገያል። ትልቅ እባጭ ደም መልሱንም ስለሚገፋው በነጥቡ ብቻ አልተማመንም። በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ወደ ነርቩ ግንድ የሚመሩኝ የጆሮው ልም አጥንት ጫፍና ዳይጋስትሪክ የተባለው ጡንቻ ናቸው።

ፊልም ላይ የታተሙ ጥቂት ምስሎች ለዚህ አይበቁም። ቤተሰቡን «ሲዲውን አምጡልኝ» እላለሁ፤ ከራዲዮሎጂስቱ ጎን ተቀምጬም ቁርጦቹን አንድ በአንድ አያለሁ።

ረጅም ጊዜ የምቆየው ነርቩ የሚወጣባት የአጥንት ቀዳዳ ሥር ነው። እዚያ ያለው ስብ ቲ1 በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ ነጭ ነው። አዴኖይድ ሲስቲክ የተባለው ካንሰር ነርቭን ተከትሎ ወደ ላይ የመዝለቅ ጠባይ አለው። ነጩ ስብ ጠቁሮ ካገኘሁት ከ1 ሚሊ ሜትር በቀጠነ ቁርጥ የተነሳ ሲቲ ስካን እጨምራለሁ፤ የነርቩ የአጥንት ቦይ ሰፍቶ እንደሆነ ለማየት። ከሰፋ ዕቅዱ ይለወጣል። የጆሮ ጀርባውን አጥንት ሰርስሮ ጤነኛውን የነርቭ ጫፍ መፈለግ ይመጣል፤ ለምትክ የሚሆን ነርቭ ከባት ለመውሰድም እግሩ አብሮ ይዘጋጃል። ይህን ሁሉ ሕመምተኛው ከማደንዘዣው በፊት ከእኔ አፍ መስማት አለበት። ነቅቶ እግሩ ላይ ያልጠበቀውን ስፌት እንዲያይ አልፈልግም።