ስርጉዱን ፍለጋ

መብራቱ ሲጠፋ በላቦራቶሪው የሚታየው የቆጣሪው ቁጥር ብቻ ነው። የሥራችን አብዛኛው ክፍል ይህን ቁጥር እያዩ መቀመጥ ነው። 405 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ክሪስታሉን ሲያቋርጥ፣ ከብዙ ሚሊዮን ፎቶኖች አንዱ ተሰንጥቆ 810 ናኖሜትር የሆኑ መንታዎች ይወጡታል። ዓይን አያያቸውም። ሁለቱን በየፋይበራቸው መርተን፣ ግማሹን ብርሃን አሳልፎ ግማሹን በሚመልስ መስታወት ላይ እናገናኛቸዋለን። ከመስታወቱ ማዶ ያሉት ሁለት ጠቋሚዎች እኩል ሲነቁ ቆጣሪው አንድ ይጨምራል።

መንታዎቹ በምንም የማይለዩ ከሆነ ግን ሁልጊዜ ተያይዘው በአንድ በር ይወጣሉ። «ሁለቱም አለፉ» እና «ሁለቱም ተመለሱ» የሚሉት ዕድሎች ስለማይለያዩ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ቆጠራውም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሆንግ፣ ኡ እና ማንዴል በ1987 እ.ኤ.አ. በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያሳዩት ይህንን ነው። ቆጠራው ሲወርድ በግራፉ ላይ የሚታየውን ስርጉድ ለማግኘት ስንት ሌሊት አንግቻለሁ!

በእኛ አሠራር ስርጉዱን ለማግኘት የሁለቱን ፎቶኖች መንገድ እኩል ማድረግ አለብን፤ ስርጉዱ ግን ጠባብ ነው። 10 ናኖሜትር በሚያሳልፍ ማጣሪያ ስፋቱ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ ነው። በማስመሪያ የለካሁት መንገድ ደግሞ በ2 ሚሊሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሳሳት ይችላል። በ10 ማይክሮሜትር እርምጃ ሲታሰስ 400 ፌርማታ ነው፤ በየፌርማታው 10 ሰከንድ ብንቆጥር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

አንድ ጊዜ ስርጉዱን አገኘሁትና ጥልቀቱ 40 በመቶ ላይ ቀረ። ለሁለት ሳምንት መስታወቱን ሳስተካክል ከረምኩ። ውጤቱን እንዳለ ለመቀበልም ከጅሎኝ ነበር፤ ነገር ግን እስከ 50 በመቶ ያለውን ተራ የብርሃን ሞገድም ያመጣዋል። ጥፋቱ የተገኘው ጠረጴዛው ጥግ ታጥፎ ከነበረው ፋይበር ላይ ነው፤ የአንዱን ፎቶን ፖላራይዜሽን (የሞገዱን የመወዛወዝ አቅጣጫ) አዙሮት ኖሯል። ሲስተካከል ጥልቀቱ ከ90 በመቶ አለፈ።

ለካ ስህተቴ የጀመረው ከሐሳቤ ነው፤ ፎቶኖቹ መስታወቱ ላይ በእኩል ሰዓት መድረሳቸው ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም በ1996 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ፒትማንና ባልደረቦቹ መንታዎቹ መስታወቱ ላይ በተለያየ ጊዜ እንዲደርሱ አድርገው፣ ልዩነቱን ከመስታወቱ በኋላ በማካካስ ስርጉዱን አግኝተውታል። ወሳኙ መገናኘታቸው ሳይሆን አለመለየታቸው ነው።

ይህን ሙከራ አሁን ለምትጀምሩ፦ ስርጉዱ አልጠልቅ ካላችሁ፣ መስታወቱን ከመንካታችሁ በፊት ፋይበሩን እዩ።