የአልኮል ዋጋና የሽያጭ ሕግ፦ በጠርሙሱና በመለኪያው መካከል

የአልኮል መጠጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመቀነስ መንግሥታት ከሚወስዷቸው እርምጃዎች ሦስቱ ከሌሎቹ ይልቅ ውጤታማ መሆናቸው ተደጋግሞ ተረጋግጧል። እነዚህም በታክስ አማካይነት ዋጋን ከፍ ማድረግ፣ መጠጡ የሚገኝበትን ቦታና ሰዓት እንዲሁም የገዢውን ዕድሜ መወሰን፣ ማስታወቂያንም መገደብ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀው ዓለም አቀፍ ስልት ሦስቱንም አካቷል። ኢትዮጵያም በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ባወጣቻቸው ሁለት አዋጆች በዚሁ መንገድ መጓዝ ጀምራለች። ይሁን እንጂ አንድ ሕግ የሚመዘነው በወረቀት ላይ በሰፈረው ቃል ብቻ ሳይሆን ከሸማቹ እጅ ሲደርስ በሚያስከትለው ለውጥ ጭምር ነው። በዚህ ሚዛን ሲታዩ ሁለቱ አዋጆች በትልቅ ከተማና እንደ ጥሊሊ ባለ የወረዳ ከተማ የሚሰጡት ውጤት አንድ አይደለም።

ሕጎቹ ያስገኙት

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም አግዷል። ከዚያ ቀደም የቢራ ማስታወቂያ ከዜናና ከእግር ኳስ ጨዋታ ጋር ተያይዞ በየቤቱ ይገባ እንደነበረ የሚዘነጋ አይደለም። ሕፃናት የቢራ ፋብሪካ ዜማ እያንጎራጎሩ ያደጉበት ዘመን በዚህ አዋጅ መገታቱ ለሕዝብ ጤና ትልቅ እርምጃ ነው።

የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በበኩሉ የታክሱን መነሻ ከማምረቻ ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ አዛውሮታል። በቢራ ላይም በመቶኛ ከሚሰላውና በሊትር ከተወሰነው ብር የሚበልጠው እንዲከፈል ደንግጓል። በሊትር የተወሰነው ብር ርካሽ ቢራ ታክሱን እንዳያመልጥ ስለሚያደርግ ከጤና አንጻር ተገቢ ነው። በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ጌሾን ሳይሆን ከውጭ የሚመጣ ሆፕ የሚጠቀሙትን ፋብሪካዎች ወጪ አንሮታል። ስለዚህ በጠርሙስ የታሸገ መጠጥ ዋጋ የሚንረው በታክስ ብቻ ባይሆንም፣ በዝቅተኛ ገቢ የሚተዳደረው ሸማች ከቢራ እየራቀ መሄዱ የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው ከቢራ ሲርቅ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

የጥሊሊ ሸማች ምርጫ

ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በቡሬና በእንጅባራ መካከል ትገኛለች። እንደ ማንኛውም የጎጃም ከተማ ሁሉ በገበያ ቀን እህሉን ሸጦ ጥቂት ብር የያዘ ገበሬ፣ የቀን ሥራውን ጨርሶ የሚመለስ ሠራተኛ ወይም መኪናውን አቁሞ የሚያርፍ ሾፌር መጠጥ ቢያምረው ሁለት በር ይከፈትለታል። አንደኛው ቢራና የታሸገ አረቄ የሚሸጥበት ግሮሰሪ ነው። ሁለተኛው በየጉልቱና በየመኖሪያ ቤቱ ጠላ የሚቀዳበት፣ ከዳጉሳና ከሌላ እህል የወጣ አረቄ በመለኪያ የሚሸጥበት ቤት ነው። ታክሱም፣ የዋጋ ጭማሪውም፣ የጠርሙሱ ላይ ጽሑፍም የሚያገኙት ከመጀመሪያው በር የገባውን ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት በጤና ረገድ ምን ያህል እንደሚከብድ ቀላል ስሌት ያሳያል። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ ይህም በክብደት 13 ግራም ገደማ ነው። በቤት የሚወጣ ተራ አረቄ ከ30 በመቶ በላይ፣ ዳግም ደግሞ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል። አማካዩ 40 በመቶ ነው ቢባልና መለኪያው 50 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ አንዱ መለኪያ 16 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። አራት መለኪያ የጠጣ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ መጠጣት ብሎ የወሰነውን 60 ግራም አልፏል ማለት ነው። ያንኑ ያህል በቢራ ለመጠጣት አምስት ጠርሙስ ያስፈልገዋል። አምስት ጠርሙስ ቢራ ደግሞ ለኪስም ለሆድም ይከብዳል፤ አራት መለኪያ ግን ቆሞ የሚጠጣ ነው።

በዚህም ምክንያት የቢራ ዋጋ ብቻ ሲጨምር ድሀው ሸማች መጠጥ ይተዋል ብሎ መደምደም አይቻልም። ከፊሉ በእርግጥ ይቀንሳል። ከፊሉ ግን ጥንካሬው በማይታወቅ፣ ከአንዱ ጥንስስ ወደ ሌላው በሚለያይና ለተመሳሳይ ብር የበለጠ አልኮል በሚሰጥ መጠጥ ይተካዋል።

የዕድሜ ገደቡም ከዚህ ያልተለየ ችግር አለበት። በገጠር ከተማ ሻጭ ከገዢ መታወቂያ መጠየቁ ያልተለመደ ነው። ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን ለአባት ወይም ለእንግዳ አረቄ እንዲያመጣ ጠርሙስ ይዞ የሚላከው ልጅ ጉዳይ ነው። ላኪው፣ ሻጩና ተላኪው ድርጊቱን እንደ ትእዛዝ መፈጸም እንጂ እንደ ሕግ መጣስ አያዩትም። ልጁ የመጠጡን ዋጋ፣ የሚገኝበትን ቤትና የሽታውን ባሕርይ ያወቀው በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይደለም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አልኮል ከተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ አድርጋለች። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና ተቋም በ2023 ባወጣው ግምገማ፣ ሕጉ በቀጥታ ከአልኮል የሚመጣን ሞት በ13.4 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ገምቷል። ይህ የሆነው ግን ሁሉም መጠጥ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ፈቃድ ባለው ሱቅ በሚሸጥበት አገር ነው።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የኬንያ ልምድ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ድሀውን ከሕገ ወጥ መጠጥ ለማራቅ ሴኔተር ኬግ ለተባለው ርካሽ ቢራ የታክስ እፎይታ ሰጥታ ነበር። በ2013 እፎይታው ተቀንሶ ታክስ ሲጣልበት ሽያጩ በእጅጉ ወደቀ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እፎይታው እንዲመለስ ተደረገ። በ2010 ደግሞ በየመንደሩ የሚወጣውን ቻንጋ የተባለ አረቄ ሕጋዊ ብታደርገውም፣ በጠርሙስ ታሽጎና ጽሑፍ ተለጥፎበት እንዲሸጥ የሚጠይቀውን መስፈርት አቅም የሌላት ጠማቂ ልታሟላው አልቻለችም። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛው፣ የአንዱ መጠጥ ዋጋ የሌላውን ፍላጎት እንደሚነካ ነው። ሁለተኛው፣ የማይደረስበት መስፈርት ከክልከላ የማይለይ መሆኑ ነው።

ይህ ሲባል ግን የቢራ ታክስ ይቀነስ ማለት አይደለም። የመጠጥ አምራቾች በየአገሩ የቤት ውስጥ መጠጥን እንደ መከራከሪያ እያነሡ ታክስ እንዲቀነስላቸው ይጠይቃሉ። ታክስ በተለይ ወጣቱን ከመጠጥ ጅማሮ የሚያዘገይ መሣሪያ ስለሆነ መቅረት የለበትም። ጉድለቱ ታክሱ መኖሩ ሳይሆን ብቻውን መቆሙ ነው።

ምን ይደረግ

ችግሩን በወረራና በማሰሮ መስበር መፍታት የሚታሰብ ቢሆን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። አረቄ የምታወጣው ሴት ብዙ ጊዜ ሌላ ገቢ የሌላት፣ ልጆቿን በዚሁ የምታስተምር፣ አተላውን ለከብት የምትሸጥ ናት። ለሰዓታት ከማገዶ ጭስ ሥር በመቀመጧም ለሳንባና ለዓይን ሕመም የተጋለጠች ስለሆነች እርሷ ራሷ የጤና ባለሙያው ታካሚ ናት። ቅጣት ሲመጣባት ሥራዋን ከዓይን ወደ ራቀ ጓዳ ታዛውረዋለች እንጂ አትተወውም።

ከዚህ ይልቅ ሊፈጸሙ የሚችሉ መለስተኛ እርምጃዎች አሉ። አረቄ የሚሸጡ ቤቶች በቀበሌ ያለ ክፍያ ቢመዘገቡ ቁጥራቸውና ቦታቸው ይታወቃል። ከምዝገባው ጋር ሁለት ግዴታዎች ብቻ ቢያያዙ፣ ማለትም ለልጅ አለመሸጥና አለማስያዝ፣ ከምሽቱ የተወሰነ ሰዓት በኋላም መዝጋት፣ ሁለቱንም ጎረቤት ሊጠብቃቸው ይችላል። ወጪ ቆጣቢ ምድጃ፣ የቁጠባና ብድር አገልግሎት እንዲሁም ሌላ የሥራ አማራጭ በቅድሚያ ለእነዚህ ሴቶች ቢሰጥ፣ ከአልኮል ከሚሰበሰበው ታክስ ጥቂቱ ለዚህ መዋሉ ፍትሐዊ ይሆናል።

የጤና ባለሙያውም ሕጉ እስኪሻሻል የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የታካሚ ታሪክ ሲወሰድ “አልኮል ትጠጣለህ?” የሚለው ጥያቄ በአዎንና በአይደለም ይዘጋል። ታካሚው አልኮል ሲባል የጠርሙሱን መጠጥ ብቻ ሊረዳ ስለሚችል “አይ፣ አልጠጣም” ብሎ ሲመልስ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ጥያቄው በሰውየው መስፈሪያ ሊቀርብ ይገባል፦ ጠላ ስንት ጣሳ፣ አረቄ ስንት መለኪያ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ? ባለ 10 ጥያቄው የዓለም ጤና ድርጅት መለያ መጠይቅም የሚረዳው የመጠጡ መጠን በዚህ መልክ ሲተረጎም ነው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ከግጭትና ከመውደቅ አደጋ የመጣ ታካሚ ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ መውጣት የለበትም። የተገኘው መልስ በካርዱ ላይ በመለኪያ ቁጥር ቢጻፍ፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሕዝቡ የሚጠጣውን ከፋብሪካ ሽያጭ ሳይሆን ከራሱ ከሕዝቡ ያውቃል።

ሁለቱ አዋጆች የጠርሙሱን ነገር በአግባቡ ጀምረዋል። የመለኪያው ነገር ግን በጥሊሊና መሰል ከተሞች ገና አልተነካም። ዋጋ በአንዱ በር ሲጨምር በሌላው በር የሚገባውን ሰው የሚቆጥር ካልተገኘ፣ የሕጉ ስኬት በግምጃ ቤት ሲመዘገብ ጉዳቱ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል መቆጠሩ ይቀጥላል። ቆጠራውን ለመጀመር ከማንም የቀረበው ደግሞ ያ ታካሚ ፊቱ የተቀመጠው የጤና ባለሙያ ነው።